ሕያዋን ፍጥረታት አርሴኒክን የሚያስወግዱበት መንገድ

አርሴኒክ መርዝ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ እንዴት እንደሚገድል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በውሃ ውስጥ በአብዛኛው በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው አርሴኔት፥ ሁለተኛው አርሴናይት ይባላል። አርሴኔት ፎስፌትን እጅግ ስለሚመስል፥ ሕዋስ ፎስፌት በሚያስገባበት በር ይገባል፤ ከገባም በኋላ የፎስፌትን ቦታ ይዞ ኤቲፒ የተባለው የጉልበት ስንቅ እንዳይዘጋጅ ያደርጋል። አርሴናይት ደግሞ ድኝ ካላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያሰናክላል፤ ጉዳቱም ከፊተኛው ይብሳል።

እንግዲህ ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ የምታደርገውን እንመልከት። አርስ-ሲ የሚባለው ኤንዛይሟ አርሴኔቱን ወደ አርሴናይት ይለውጠዋል። ቀላሉን መርዝ ወደ ከባዱ መለወጥ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው ከማስወጫው ዘንድ ነው። በሕዋሷ ሽፋን ላይ የተተከለው አርስ-ቢ የተባለው ፕሮቲን የሚያስወጣው አርሴናይትን እንጂ አርሴኔትን አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ብልሃት ነው፤ ማስወጫው አርሴኔትን የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ፥ ከፎስፌት ለመለየት ስለሚያስቸግረው ለሕይወት የሚያስፈልገውን ፎስፌት አብሮ ባፈሰሰ ነበር። ደግሞም ባክቴሪያዋ ይህን መሣሪያ ሁልጊዜ አትሠራም፤ ጂኖቹን ዘግቶ የሚጠብቀው አርስ-አር የሚለቃቸው አርሴናይት ሲይዘው ነው።

የሰው ጉበት መንገድ ሌላ ነው። ኤኤስ3ኤምቲ የተባለው ኤንዛይም በአርሴኒኩ ላይ በመጀመሪያ አንድ፥ ቀጥሎም ሁለተኛ የሜቲል ክፍል ይጨምርበታል፤ ሁለት ሜቲል ያለው በሽንት በቶሎ ይወጣል። አደጋው በመካከሉ ነው፤ ባለ አንድ ሜቲሉ በአንደኛው መልኩ ከአርሴናይት እንኳ የከፋ መርዝ ነውና ሥራውን ጀምሮ አለመጨረስ ይጎዳል። በአርጀንቲና፥ በአንዲስ ተራሮች ባለችው ሳን አንቶኒዮ ዴ ሎስ ኮብሬስ፥ የመጠጥ ውሃው በሊትር 200 ማይክሮግራም ያህል አርሴኒክ ነበረበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ሥራውን በሚገባ የሚፈጽመው የዚህ ጂን ዓይነት በዚያ ሕዝብ ዘንድ እጅግ በዝቶ ተገኝቷል፤ ይህም በብዙ ትውልድ የተፈጥሮ ምርጫ የመጣ ነው ተብሏል።

በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ ከተመረመሩት ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። የዚያ አካባቢ ፍሎራይድ በጥርስ ላይ በሚተወው ቡናማ ምልክት ይታወቃል፤ አርሴኒክ ግን በውሃው ውስጥ ቀለምም ጣዕምም ስለሌለው፥ በላቦራቶሪ ካልተለካ በቀር የሚጠጣው ሰው ሊያውቀው አይችልም።