ለብዙ ቤተ ሰብ የሚሆን እንደ ጊዜው የሚለወጥ ቤት

ቤት ሊሠራ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ክፍል ይኑረው?» ብሎ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ ቤተ ሰቡ ብዙ በሆነ ጊዜ ከክፍሎቹ ቍጥር ይልቅ ከስፍራቸው የማይነሡት ነገሮች የት እንደሚቀመጡ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ መሆኑን ነው። እነዚህም ማድ ቤት፥ መጸዳጃ ቤት፥ የውሃ መስመር፥ ፎቅ ከሆነም ደረጃው ናቸው። የቀረው ሊለወጥ ይችላል፤ መለወጡም አይቀርም። ልጅ ይወለዳል፤ የእኅት ልጅ ከገጠር ለትምህርት ይመጣል፤ አንዱ ያገባና የራሱን ቤት እስኪያገኝ እዚያው ይቈያል፤ ሌላው ይሄድና ክፍሉ ይከራያል። ይህን ሁሉ ማንም ፕላን አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

ያደግንበትን ቤት ለምሳሌ እናንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፥ ዐሥራ አንድ ሰው የሚኖርበት የጭቃ ቤት ነው። ዋናው ቤት ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ሲኖረው ማድ ቤቱና መጸዳጃው ከበስተኋላው የግቢው መካከል ላይ ተሠርተዋል። ታላቅ ወንድማችን ሲያገባ ቤቱን ወደ ኋላ ለመቀጠል ታሰበ፤ ነገር ግን ማድ ቤቱ ስፍራውን ያዘ፤ የመጸዳጃው ጕድጓድም የሚነሣ ነገር አይደለም። በኋላም አያታችን እግራቸውን ሲታመሙ የተገኘላቸው የሳሎኑ ጥግ ብቻ ሆነ። እንግዳ በመጣ ቍጥር መጋረጃ ይሳባል፤ እሳቸውም «እኔን ተዉኝ፥ እንግዳውን አስቀምጡ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ማድ ቤቱ ሲሠራ ስድስት ርምጃ ያኽል ወደ አጥሩ ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ጥፋቱ የጭቃው አይደለም። እንዲያውም የጭቃ ቤት ለመለወጥ የተመቸ ነው፤ ጣራውን የሚሸከመው የባሕር ዛፉ ቋሚ ሲሆን ጭቃው መሙያ ነውና። በር ለማውጣት ጭቃውን አፍርሶ ማገሩን መቍረጥ ይበቃል፤ ቋሚ መቍረጥ ካስፈለገም ከበላዩ አግዳሚ እንጨት አስገብቶ ጭነቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማሳለፍ ነው።

የሚያስቸግረው ጣራው ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋል። በየሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ የቆርቆሮ ጣራ 3 ሜትር ሲቀጠል 45 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳው 2 ሜትር ከ40 የነበረ እንደ ሆነ ቅጥያው በዳር 1 ሜትር ከ95 ይሆንና ረዥም ሰው ጐንበስ ብሎ የሚገባበት ይሆናል። ወደፊት በሚቀጠልበት በኩል ግድግዳው ከመጀመሪያው 2 ሜትር ከ80 ቢደረግ ግን 2 ሜትር ከ35 ይተርፋል። ትርፍ ወጪው ጥቂት እንጨትና ጭቃ ነው።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎችም ጭነታቸው ያለው በአርማታው ላይ ነው፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው ብሎኬት ጣራ አይሸከምም። ቧንቧው ግን ከፎቅ ወደ ፎቅ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ማድ ቤቱ ከስፍራው አይነሣም።

በቺሌ አገር ኢኪኬ በምትባል ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004፥ አርክቴክቱ አሌኻንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ ለመቶ ያኽል ድኻ ቤተ ሰቦች ቤት ሲሠሩ ገንዘቡ ለሙሉ ቤት አልበቃም። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ሠሩ፤ ይኸውም ባለቤቱን የሚያስቸግረውን፥ ማለት ማድ ቤቱን፥ መታጠቢያውን፥ ደረጃውንና ከጎረቤት የሚለየውን ግድግዳ ነው። 36 ካሬ ሜትር የነበረው ቤት በነዋሪዎቹ እጅ ወደ 70 ካሬ ሜትር ገደማ እንዲያድግ ስፍራው ባዶ ተተወለት። አሳቡ ደስ ያሰኘናል፤ ዳሩ ግን ባዶውን የሚሞላው ሰው ዕውቀት ያለው አናጢ ካላገኘ አደጋ አለበት።

አባታችን በሚመጣው በጋ ማድ ቤቱን አፍርሰው ወደ አጥሩ ሊያዞሩት ቈርጠዋል። ፕላኑን እኛ አነሣን። በተለቀቀው ስፍራ የሚሠራው ክፍል ሁለት በር ይኖረዋል፤ አንዱ ወደ ሳሎን፥ ሌላው ወደ ግቢ። ወደፊት ለሙሽራ ወይም ለተከራይ ይሆናል፤ ለጊዜው ግን የአያታችን ነው።