ግጥም በግጥም ሲመለስ

ከሐረር ወጥቶ ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ባቢሌ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀርብለት ለውዝ ነው። ከለውዙ ቀጥሎ ስሙ በጠርሙስ ተለጥፎ አገር ያዳረሰው የባቢሌ ውሃ ይነሣል፤ የግመሉ ገበያና የዝሆኖቹ መጠለያም ይወሳሉ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም በዳካታ ሸለቆ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፥ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሰኘ ቆሞ ያየዋል። ይህን ሁሉ የሚያስረዳው ሰው አያጣም። በዚሁ መንገድ ከግመሉና ከጭነት መኪናው ጋር ሲመላለስ ስለ ኖረው ስለ ግጥም ግን የሚያጫውተው ብዙ አያገኝም። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ነው።

ባቢሌ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ አፍ የሚነገሩበት አገር ነው። ገበያ የወጣው ሰው በአንደኛው ቋንቋ ዋጋ ጠይቆ በሁለተኛው ሲከራከር መስማት የተለመደ ነው። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው በምሥራቁ አገር በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የተመደቡ ጓደኞቻችን ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት ሲቀመጡ አንድ ነገር ያስተውላሉ። አንዱ ሰው ያለ መሣሪያ፥ ያለ ጭብጨባ፥ ድምፁን እያስረዘመ ይናገራል፤ ሌሎቹ ብርጭቋቸውን እንደ ያዙ ያዳምጣሉ። ሲጨርስም «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይህች አጭር ጥያቄ እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የሶማሌ ገጣሚ አብዛኛውን ጊዜ ግጥምን እንጀራው ያደረገ ሰው አይደለም። ግመል የሚያግድ፥ መኪና የሚነዳ፥ ልጆች የሚያስተምር፥ በንግድ ባሕር የሚሻገር ሰው ነው፤ ግጥሙን የሚሠራው ከዚያ በተረፈችው ሰዓት ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ሲገባ በዚሁ አገር አልፏል። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አገሩ በገጣሚ የተሞላ መሆኑን ጽፏል፤ ሕዝቡ ጥሩ ድምፅና ጥሩ አነጋገር እጅግ እንደሚያስደስተው፥ ልኩ የተበላሸ ስንኝ ወይም ተራ አነጋገር ሲሰማ ግን ክፉኛ እንደሚቆጣም ገልጿል። በርተን ስለ ሌላው ነገር የጻፈው ሁሉ የሚታመን አይደለም፤ በሰው ላይ ንቀት ያበዛል። በዚህ ነጥብ ላይ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ያረጋገጡት እውነት ነው።

ለመሆኑ አድማጩን የሚያስቆጣው ስሕተት ምንድን ነው? በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። በሶማልኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚመሳሰለው የቃሉ መጀመሪያ ድምፅ ነው። ገጣሚው «ደ» ብሎ ከጀመረ ግጥሙ እስኪያልቅ ድረስ «ደ»ን ሊለቅ አይችልም። ጋበይ በሚባለው በታላቁ የግጥም ዓይነት እያንዳንዱ ስንኝ ለሁለት ይከፈላል፤ በሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ ቃል በዚያው ድምፅ መነሣት አለበት። ለሙከራ ያህል እኛ በአማርኛ አንዲት ስንኝ ሠርተናል፦ «ደመናው ደርሶ ሳለ፥ ዝናብ ደጅ አስጠና»። አንዲቱን ስንኝ ለመሥራት ብዙ አልተቸገርንም። መቶ ስንኝ ያለው ጋበይ ግን በአንድ ድምፅ የሚነሡ ከሁለት መቶ የማያንሱ ቃላት ይፈልጋል፤ እነርሱም ለመሙያ የተሰገሰጉ ሳይሆኑ ነገር ያላቸው መሆን ይገባቸዋል። በዚህ ላይ ልኩ አለ። ሕዝቡ ይህን ልክ በጆሮው እያወቀ ለብዙ ዘመን ሕጉን በጽሑፍ ያስቀመጠው አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. ጋሪዬ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ገጣሚና መምህር ሞሐመድ ሓሺ ዳመዕ በሞቃዲሾ ይታተም በነበረው «የጥቅምት ኮከብ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የአናባቢዎቹን እጥረትና ርዝመት እየቆጠረ የልኩን ሕግ አስረዳ። አብዲላሂ ድሪዬ ጉሌድም በዚሁ ጥናት ስሙ አብሮ ይነሣል። እረኛው ሳይማር የሚያውቀውን ሕግ ምሁሩ የደረሰበት ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ ጥያቄ እንመለስ። ሶማልኛ የራሱ የሆነ መንግሥታዊ ጽሕፈት ያገኘው ሞቃዲሾ ላይ የላቲን ፊደል በታወጀበት በጥቅምት ወር 1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግጥም የሚኖረው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከገጣሚው ጎን ግጥሙን በቃሉ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል፤ እርሱም ሓፊዝ ነው። ሓፊዙ ግጥሙን በሌላ ስፍራ ሲያሰማ የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መጥራት፥ ግጥሙንም ከራሱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር ግዴታው ነው። የሌላውን ግጥም የራሱ አድርጎ የሚናገር ሰው ቢገኝ ዋናውን የሚያውቅ አድማጭ በዚያው ያሳፍረዋል። የሰይድ ሞሐመድ አብዲሌ ሐሰንን ግጥሞች በቃሉ በመያዝ የታወቀው ሑሴን ዲቅሌ ነበር። ሰይዱ በ1913 ዓ.ም. በዋቢ ሸበሌ ዳር በኢሚ ሞተ፤ ሼኽ ጃማ ዑመር ዒሴ ከአዛውንቶች አፍ የለቀማቸው ግጥሞቹ በመጽሐፍ የታተሙት በ1966 ዓ.ም. ነው። ከ50 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ስለ ሰውየው ጦርነት የሚፈርደው ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ እኛን የገረመን የአድማጮቹ ጉልበት ነው።

እንግዲህ ለአንድ ጀማሪ ገጣሚ ትልቁ ማበረታቻ ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። «ጎበዝ» መባል አይደለም። አንድ ሰው ድካሙን ከቁም ነገር ቆጥሮ ግጥሙን በቃሉ ሲይዝለት ነው። ከዚያም የሚበልጥ አለ፤ ይኸውም ሌላ ገጣሚ መልስ ሲሰጠው ነው።

የመልሱ ልማድ በታሪክ የታወቁ ረጃጅም ሰንሰለቶችን ፈጥሯል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ዓሊ ዱሕ የተባለው ገጣሚ በጎሳዎች መካከል ስለ ነበረው የግመልና የግጦሽ ጠብ አንድ ጋበይ ተናገረ። ከኦጋዴን ወገን ቃማን ቡልሓን፥ ከሌላው ወገን ሰላን ዐረቤይ፥ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ብዙዎች መለሱለት፤ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። ይህ ሰንሰለት «ጉባ» ይባላል፤ የሚያቃጥል ማለት ነው። ገጣሚዎቹ በአንድ አዳራሽ አልተሰበሰቡም። ግጥሙን ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ፥ ከገበያ ወደ ገበያ ያደረሰው መንገደኛ ነው። ጉባ ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ቁስልም ትቷል፤ ግጥም ሲመለስ ደም የሚያስመልስበት ጊዜ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም።

ከዚህ የተለየው በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው «ዴሌይ» ነው። ስሙ የመጣው «ዴል» ከተባለው ፊደል፥ ማለት ከ«ደ» ነው። ከላይ የጠቀስነው ጋሪዬ ጎሰኝነትን በመቃወም በ«ደ» አንድ ግጥም ከፈተ፤ ሐድራዊና ሌሎችም በዚያው በ«ደ» መለሱለት። ገሚሱ ደገፈ፥ ገሚሱ ተቃወመ፥ ገሚሱ የዚያድ ባሬን መንግሥት ወቀሰበት። ብዙ ገጣሚዎች ገቡበት፤ ከእነርሱም መካከል ከዚያ በፊት ስማቸው ያልተሰማ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ተሸካሚው ሓፊዝ ብቻ አልነበረም፤ የካሴት ክርም ነበር። አንዱ ካሴት በሌላው ላይ እየተገለበጠ ድንበር ተሻገረ። የፊደሉ ሕግ ለጀማሪው የሚያደርግለትን ውለታ እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ «ደ» ከታዋቂው ገጣሚም ከአዲሱም የምትጠይቀው ዋጋ አንድ ነው። ከታዋቂው ጎን መቆም የሚችልበትን መሥመር አስቀድማ አስምራለታለች።

ሽማግሌዎቹ የጋበይን ክብር ሲጠብቁ ወጣቱ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ገደማ የራሱን መንገድ ከፈተ። ጀማሪው ዓብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ከጅጅጋ ብዙ በማይርቀው በቦረማ አካባቢ መኪናው ተበላሽቶበት ሲቸገር የመጀመሪያውን አጭር የፍቅር ግጥም በዜማ እንዳወጣ ይነገራል። ግጥሙ «በልዎ» ተባለ፤ ትርጓሜውም መከራ እንደ ማለት ነው። ነጂ መኪናው ሲቆምበት መከራን ባያነሣ ይገርመን ነበር። በልዎ ሁለት ስንኝ ያህል ቢሆን ይበቃዋል። ጋበይ ለመሥራት ዕድሜና ብስለት ያስፈልጋል፤ በልዎን ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ ይሞክረዋል። ከመኪና ወደ ሻይ ቤት፥ ከሻይ ቤት ወደ መኪና እየተሻገረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተሞቹን አዳረሰ። ሼኾቹና ሽማግሌዎቹ አወገዙት፤ ወጣቱን ያባልጋል አሉ። ወንድና ሴት አብረው የሚዘፍኑበት መሆኑ ይበልጥ አስቆጣቸው። ኸዲጃ የተባለችው ዘፋኝ እስከ መጨረሻው «ኸዲጃ በልዎ» ተብላ ቀርታለች።

ከዚህ ሁሉ እኛን የማረከን ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በልዎ አጭር ስለሆነ ምሽቱን አይሞላም። ስለዚህ ወጣቶቹ የአንዱን በልዎ ከሌላው በልዎ፥ የጓደኛን ከራስ እያያያዙ ረጅም ዘፈን ማድረግ ጀመሩ። የተያያዘውም ግጥም «ሄሎ» የሚል ስም አወጣ፤ የስልኩ ሄሎ አይደለም፤ ከዜማው መክፈቻ የተወሰደ ነው። አብዱላሂ ቀርሼን የመሳሰሉት ዑዱን ይዘው ሲመጡ ሄሎ የዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን መሠረት ሆነ። ዘመናዊው ዘፈን እንግዲህ አማተሮች አንዱ በሌላው ላይ እየደረቡ የሠሩት ነው ማለት ይቻላል። በዚሁ ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለ። ጋበይ የባለቤቱን ስም ይዞ ይጓዛል፤ በልዎ ሲቀጣጠል የየስንኙ ባለቤት ጠፋ። ዛሬ የእነዚያን ወጣቶች ቃል በዘፈን የሚሰማ ሁሉ የብዙዎቻቸውን ስም አያውቅም።

የእኛም አገር ቅኔ ቤት ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለው። ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የተበላሸው ይታረማል፥ የረባው ይመሰገናል። ልዩነቱ በቅኔ ቤት የመጨረሻው ቃል የመምህሩ መሆኑ ነው፤ በሻይ ቤቱ ግን ዳኛው ያዳመጠው ሁሉ ነው። በኮሌጁም በኩል ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል»ን ሲያነብ፥ በቀጠሉት ዓመታትም ሌሎች ተማሪዎች በዚሁ በዓል ሲገጥሙ፥ ከሽልማቱ ይልቅ ያደፋፈራቸው የጓደኞቻቸው ጆሮ ይመስለናል።

የዛሬው ወጣት ግጥሙን በእጅ ስልኩ ለጓደኞቹ ይልካል። የሚመለስለትም «ግሩም ነው»፥ «በርታ»፥ አልፎ አልፎም የእሳት ሥዕል ነው። በርታ ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ምንም አያስከፍልም። ከዐሥር ጊዜ «በርታ» በኋላም ገጣሚው የትኛው ስንኙ እንደ ተንገዳገደ አያውቅም። በሶማልኛ የሚገጥሙት ጓደኞቹ ግን በድምፅ የተላከላቸውን ግጥም በዚያው ፊደል በድምፅ የመመለስ ልማድ አላቸው። የካሴቱ ሥራ ወደ ስልክ ተዛውሯል ማለት ነው። የሚመልሰው ሰው በፊደሉ ሲታገል የመጀመሪያው የት ላይ እንደ ጎበዘ፥ የት ላይ እንደ ደከመ በራሱ ላይ ያየዋል። በአማርኛ የሚገጥሙ ማኅበርተኞች አንድ ወር እንኳ ምስጋናን ትተው በዚያው ቤትና በዚያው ልክ ለመመለስ ቢስማሙ የሚወጣውን ለማየት እንጓጓለን። አንዳንዱ እንደሚቀየም ይታወቃል፤ ይቀየም።

በዚህ ልማድ ውስጥ ድርሻቸውን ያላገኙት ሴቶቹ ናቸው። ቡራንቡር የሚባለው የግጥም ዓይነት የሴቶች ነው፤ በሠርግና በልዩ ልዩ ስብሰባ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ከበሮ እየመቱና እያጨበጨቡ ይቀበሏታል፥ ተራ በተራም ወደ መሐል እየገቡ ይጨፍራሉ። በመካከላቸው እርስ በርሳቸው ይመላለሳሉ፥ ይበረታታሉም። ሓፊዞቹ ግን ወንዶች ነበሩ፤ በየውሃ ጉድጓዱ ተሸክመው ያዞሩትም በአብዛኛው የወንዶችን ጋበይ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት የተነገረ ጋበይ ከነስሙ ሲገኝ የዚያኑ ዘመን ቡራንቡር ለማግኘት ብዙ ማሰስ ያስፈልጋል። ጅጅጋ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የእናቱን ቡራንቡር ከነስሟ በደብተር የሚጽፍ ተማሪ በአንድ ክረምት ብቻ ብዙ ሊሰበስብ ይችላል። በሠርጉ ቤት ስልኩ ከፍ ብሎ እየተቀዳ ነው፤ ድምፁም ያንኑ ሌሊት ባሕር ማዶ ሚኒያፖሊስ ካሉት ዘመዶች ዘንድ ይደርሳል። እዚያ የሰማችው አክስት መልሷን በድምፅ ትልካለች። ቀድማ ግን አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «የማን ነው?»