ልጁ በሰሙ፥ አባቱ በወርቁ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው የካርቱን ፊልም ሲመለከቱ አንድ ነገር ሳያጋጥምዎ አልቀረም። ጥንቸሉ ተደናቅፎ ሲወድቅ ልጆቹ ይሥቃሉ፤ እርስዎ ዝም ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ከተሣሉት እንስሳት አንዱ እንደ ዋዛ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ዝም ሲሉ እርስዎ ሳያስቡት ይሥቃሉ። ወዲያው ታናሽየው ዞር ብሎ «አባባ፥ ምን አሳቀህ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ቢነግሩት ወይ አይገባውም፤ ወይ እንዲገባው ዕድሜው አልደረሰም። «ምንም» ብለው ቢያልፉት ደግሞ ሐሰት ነው፤ ልጁም ሐሰት መሆኑን ያውቃል።

ያ ሣቅ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አስበውና ተማክረው ለእርስዎ ብለው ያስቀመጡት ነው። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ ለአዋቂ ተደብቆ የሚቀመጥ ቀልድ ምን እንደ ሆነ፥ ለምን እንደሚቀመጥና ልንፈራው ይገባ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ምክንያቱ በመጀመሪያ የገበያ ነው። ሕፃን ወደ ሲኒማ ቤት ብቻውን አይመጣም። ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ያመጣዋል፤ የመግቢያውንም ዋጋ የሚከፍለው ይኸው አዋቂ ነው። በቤት ውስጥማ ነገሩ ይብሳል፤ ልጅ የወደደውን ፊልም አሥር ጊዜ ቢያይ አይጠግብም፤ እናትና አባትም አብረው አሥር ጊዜ ይሰሙታል። ስለዚህ ፊልም ሠሪው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጡ ሁለት ዓይነት ተመልካቾች በአንድ ጊዜ መናገር ግዴታው ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህን ችግር መጀመሪያ ያገኘው ሲኒማ አይደለም። ከደባርቅ ተነሥቶ የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የበየዳን ወረዳ ያገኛል። ከተማው ድል ይብዛ ይባላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀንም በዚያው አካባቢ ይገኛል። አገሩ ውርጭ፥ እህሉ ገብስ ነው። እንዲህ ባለ ደጋ ሲመሽ አያቱም፥ እናቱም፥ እረኛውም፥ ገና አፉን ያልፈታው ሕፃንም የሚቀመጡት በአንድ እሳት ዙሪያ ነው፤ ለልጆች የተለየ እሳት፥ ለሽማግሌዎች የተለየ እሳት አይነድም። ተረት የሚያወራው ሰው እንግዲህ ፊልም ሠሪው የገጠመው ነገር ገጥሞታል ማለት ነው፤ አንድ ምድጃ፥ ሁለት አድማጭ።

መውጫውንም ያገኘው በቋንቋው ውስጥ ነው። በዚያ ተራራ የሚኖረውን ጭላዳ ዝንጀሮ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ መስኩ ይወጣል፤ ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው። የሚግጠውም ተቀምጦ ነው፤ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፥ ያለበት ቦታ ሲያልቅበት ሳይነሣ በመቀመጫው ጥቂት ሸርተት ብሎ እንደ ገና ይነጫል። እንግዲህ ሁላችን የምናውቀው ተረት፥ ዝንጀሮ እሾህ በየአካላቷ ተሰክቶባት «ከየት እንጀምርልሽ?» ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይላል። በሰሜን ደጋ በግ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ከልቡ ይሥቃል፤ ዝንጀሮዋን ሲያያት ውሏልና ያለ መቀመጫዋ መዋል እንደማትችል ያውቃል። ለእሱ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል፤ አንዳችም አልጎደለበትም።

በዚያው እሳት ዳር የተቀመጠው ጎልማሳ ግን የሰማው ሌላ መቀመጫ ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ከእሱ ይልቅ ፈጥነን እንሰማዋለን። የመሥሪያ ቤቱ አሠራር እንዲሻሻል ከየት እንጀምር ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ወንበሩ፥ ስለ ማዕረጉና ስለ ቢሮው ምንጣፍ ንግግር የሚከፍት ሰው ያላየ ማን አለ? ይህ ጸሐፊም አይቷል፤ አንድ ሁለት ጊዜም እሱ ራሱ ታይቷል። ልጁ በሰሙ፥ አዋቂው በወርቁ፥ ሁለቱም በአንድ ቃል በአንድ ጊዜ ሣቁ። በፈረንጆቹ የካርቱን ፊልም ውስጥ የሚደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጎንደሬው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በዚህ ረገድ እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ለልጆች የሚነገርላቸው ቀልድ አለ፤ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚነገርላቸውም አለ። የዚህን የሁለተኛውን ዓይነት ምሳሌ ከዚህ ማቅረብ አይቻልም።

ከቀልድም አልፎ ከበድ ያለ ነገር በልጅ ተረት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አህያ ዝናም በጠፋበት ዘመን ተሰብስበው «ከእኛ መካከል ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ» ያሉበትን ተረት ያስታውሱታል። አንበሳው በሬ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህስ ኃጢአት አይደለም» ተባለለት። ነብሩም ጅቡም የበሉትን እየተናገሩ በዚያው ዓይነት ታለፉ። አህያይቱ ግን ጌታዋ ከመንገድ ቆሞ ሲያወራ ጥቂት ሣር መንጨቷን ብትናዘዝ «አገሩን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» ብለው ተረባርበው በሏት። ሕፃን ለአህያይቱ ያዝናል። አባቱ ግን ስለ አህያ እንዳልተወራ ያውቃል።

የዚህኑ ተረት ወንድም ፈረንሳዊው ባለቅኔ ላፎንቴን በግጥም ጽፎታል፤ ማን ከማን እንደ ወሰደ መመራመር ሌላ ጉዳይ ነው። የሚያስገርመው ላፎንቴን የመጀመሪያዎቹን ተረቶቹን በ1668 ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሲያሳትም መታሰቢያነታቸውን የሰጠው ገና 6 ዓመት ለሆነው ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ልጅ መሆኑ ነው። መጽሐፉ በስሙ የልጅ ነው። የአንበሳውን ግቢ፥ ሸንጋዩን ቀበሮና የዋሁን አህያ ሲያነቡ ግን የቬርሳይ ሹማምንት እርስ በርሳቸው ይተያዩ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ይህ የላፎንቴን ጥበብ ወደ አገራችን የመጣበት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልናስበው የሚገባ ነው። በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የተማሩት፥ ኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ ረቂቁን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አዘጋጁ። በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረውም ይኸው ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ ከላይ ሲታይ ከምድጃ ዳር ተረት የሚለይበት ነገር የለም። ነገር ግን በአውሬዎቹ አፍ የሚነገረው የዘመኑ አስተዳደር ብልሹነትና የሹማምንት ጉቦ ነበር። ወርቁም ሳይታወቅ አልቀረም፤ ድርሰቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። አውሬ በመድረክ ላይ ስለ ተናገረ የሚቆጣ ሹም፥ «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ በፈቃዱ መመስከሩ ነው። ቀልዱን ያልገባው ሰው አያግደውም። ስለዚህ የተደበቀ ቀልድ ለሚናገረው መጠጊያ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው፤ ወርቁ በጣም ሲያበራ ሰሙ አይሸፍነውም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። በአሜሪካ ዋርነር ብራዘርስ የሚያወጣቸው አጫጭር የካርቱን ፊልሞች በመጀመሪያ የሕፃናት ብቻ አልነበሩም፤ በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት በአዋቂዎች ፊት የሚታዩ ነበሩ። በ1940 ዓመት (እ.ኤ.አ.) የተፈጠረው ባግስ ባኒ የተባለው ጥንቸል ካሮቱን እየቆረጠመ ሲናገር፥ ታዋቂው ተዋናይ ክላርክ ጌብል በ1934 ዓመት (እ.ኤ.አ.) በሠራው አንድ ፊልም ካሮት እየበላ በፍጥነት ሲናገር ይታይ የነበረውን መቅዳቱ ነው። የዚያን ጊዜው ተመልካች ይህን ወዲያው ያውቀው ነበር። በኋላ እነዚህ ፊልሞች ወደ ቴሌቪዥን ተዛውረው የልጆች ሆኑ፤ ክላርክ ጌብልም ተረሳ። ዛሬ ልጁም አባቱም የሚሥቁት በጥንቸሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ወርቅ ተበልቶ ሰም ብቻ የሚቀርበትም ጊዜ አለ ማለት ነው።

በ2016 ዓመት (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ዙቶፒያ» የተባለው የዲስኒ ፊልም ደግሞ በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። ጥንቸሊቱ የፖሊስ ባልደረባ ናት፤ አንድ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር በአስቸኳይ ለማጣራት የመኪና ምዝገባ ወደሚካሄድበት መሥሪያ ቤት ከቀበሮው ጋር ትሄዳለች። በየመስኮቱ የተቀመጡት ጸሐፊዎች ሁሉ ስሎዝ የሚባሉት፥ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደን የሚኖሩ፥ በዝግተኛነታቸው ወደር የሌላቸው እንስሳት ናቸው። የዋናው ጸሐፊ ስም «ብልጭታ» እንደ ማለት ነው። አንዲት ፊደል ጽፎ ወደ ሁለተኛይቱ እስኪደርስ ጥንቸሊቱ ትቃጠላለች። ቀበሮው ደግሞ ሆነ ብሎ «ሦስት ሻኛ ያላት ግመል ምን ትባላለች?» ሲል ይጠይቀዋል፤ መልሱ «እርጉዝ» ነው። ስሎዙ ቀልዱ ገብቶት ፊቱ በሣቅ እስኪፈታ ረዥም ጊዜ ይፈጃል፤ ቀጥሎም ለባልደረባው ማውራት ይጀምራል። ከዚያ ሲወጡ መሽቷል። ልጅ በእንስሳው ዝግታ ይሥቃል። አዋቂው ግን በዚያ መስኮት ፊት ቆሞ ያውቃል፤ አንዳንዶቻችንም በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጠን እናውቃለን። ይህን ትርኢት ሲያይ የማይሥቅ ባለጉዳይ አይገኝም፤ ሣቁ የሚያንቀው ጸሐፊ ግን ይገኛል።

አንዳንድ ወላጆች ይህ ሁሉ ለልጅ መርዝ እንደ ሆነ ያስባሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መለያው ቀላል ነው። ወርቁን ከተረቱ ላይ አንሡት፤ የቀረው ለልጁ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ አይጎዳውም። ዝንጀሮዋ ያለ ሹም ዝንጀሮ ናት፤ ስሎዙም ያለ መሥሪያ ቤት ያስቃል። ሰሙ ራሱ ብልግና ሲሆን ወይም ልጁ ታሪኩን ለመከተል የአዋቂውን ነገር ማወቅ ሲያስፈልገው ግን ያ ፊልም በእንስሳ ሥዕል የተጠቀለለ የአዋቂ ፊልም ነው። ለምሳሌ ከጆርጅ ኦርዌል መጽሐፍ ተወስዶ በ1954 ዓመት (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተሠራው «አኒማል ፋርም» አሳሞችና ፈረሶች የተሣሉበት ስለ ሆነ የልጅ ይመስላል። ነገሩ ግን የሶቭየት ኅብረት አብዮት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የሚያየው አንድ ደግ ፈረስ ተጎድቶ ለእርድ መወሰዱን ብቻ ነው፤ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሣው አይደንቅም።

አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ለልጆቻችን የሚደርሱት የካርቱን ፊልሞች በአብዛኛው የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የተደበቀው ቀልድ የተሠራውም ለአሜሪካ አባት ነው። ብዙ ጊዜ እኛም ወርቁን ሳናገኝ ከልጆቻችን ጋር በሰሙ ብቻ እንሥቃለን። ይህ ዓይነቱ ቀልድ በትርጉም አይሻገርም። አንድ የአማርኛ ተረት ነጋሪ ጅቡን በበጎች በረት ደጅ አቁሞ «ይግባኝ!» ቢያሰኘው፥ ልጁ የሚያስበው ጅቡ የሚገባበትን እየለመነ መሆኑን ነው፤ ፍርድ ቤት የተመላለሰው አባት ግን ዕንባው እስኪመጣ ይሥቃል። ይህን በሌላ ቋንቋ ተርጉሞ ማሳቅ እንዴት ይቻላል? በአማርኛ የሚሠራ የካርቱን ፊልም ከሰምና ከወርቁ የሚነሣ ቢሆን፥ ለአባትየው የሚሆነውን ቀልድ ከውጭ አገር መበደር ባላስፈለገው ነበር።

«አባባ፥ ምን አሳቀህ?» ላለውም ልጅ እውነተኛ መልስ ይኖራል፤ «ይህ ጸሐፊ አንድ የማውቀውን ሰው ይመስላል» ይበሉት። «ማንን?» ብሎ እንደሚቀጥል የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ስም መጥራት አለመጥራቱ የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ነገ ጠዋት ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ቢሮ የሚገቡት እርስዎ ነዎትና።