ተጨማሪ መረጃ፦ ቀለም የማይለየው ሴንሰር

የካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም። በላዩ የተደረደሩት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፒክስሎች የሚለኩት የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው። ለዚህ ችግር መላ ያገኘለት የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር ነው፤ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ አለበሰ። የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1976 አገኘ። ከማጣሪያዎቹ ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ነውና። ታዲያ አንድ ፒክስል የሚይዘው አንዱን ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩትን ሁለቱን የካሜራው ፕሮሰሰር ከጎረቤት ፒክስሎች ተነሥቶ በስሌት ይሞላል። ከፎቶው የቀለም መረጃ ሁለት ሦስተኛው ግምት ነው ማለት ነው! ግምቱ አንዳንዴ ይስታል፤ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ያለው ሸሚዝ በፎቶ ላይ የሌለውን ቀለም የሚያሳየው ለዚህ ነው። የአብዛኞቹ ስልኮች ካሜራም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።