በነፍስ ወከፍ የተከፈለበት ግዞት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ጨርቅ ሰርቆ የተያዘ ሰው 7 ዓመት ግዞት ሲፈረድበት ተመስገን ሊል ይችል ነበር፤ በስርቆት መሰቀልም ነበረና። ግዞቱ በፊት ወደ አሜሪካ ነበር። አሜሪካኖቹ በ1775 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በንጉሡ ላይ ጦርነት ሲያነሡ ያ በር ተዘጋ። እስር ቤቱ ሞልቶ ሲፈስ መንግሥት አሮጌ መርከቦችን ቴምዝ ወንዝ ላይ አቁሞ ማጎሪያ አደረጋቸው። እነሱም ሲሞሉ አውስትራሊያ ታሰበች።

በሜይ 1787 ከፖርትስማውዝ የተነሡት 11 መርከቦች ከ8 ወር በላይ ተጉዘው አውስትራሊያ ደረሱ። ከ700 በላይ ግዞተኞች አሳፍረው በመንገድ የሞቱባቸው ከ50 ያነሱ ናቸው። ለዚያ ዘመን ጥሩ የሚባል ነው። አዛዡ አርተር ፊሊፕ ከመነሣታቸው በፊት ስለ ቀለብና ስለ ልብስ ከሹማምንቱ ጋር ያደረገው ንትርክ በከንቱ አልቀረም።

ቀጣዩ ጉዞ ግን ለባሪያ ነጋዴዎች ተሰጠ። ካምደን፣ ካልቨርትና ኪንግ የተባለው የለንደን ኩባንያ የተዋዋለው በአንድ ግዞተኛ 17 ፓውንድ ገደማ ሊከፈለው ነው። ጉዱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው፦ የሚከፈለው መርከብ ላይ ለወጣው ሰው እንጂ በሕይወት ለወረደው አይደለም። የሞተ ቀለብ አይበላም። የተረፈው ቀለብ ደግሞ ሲድኒ ላይ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ እዚያ የተመሠረተው ሰፈራ በዚያን ጊዜ በረሃብ ላይ ነበር።

ኔፕቱን፣ ሰርፕራይዝና ስካርቦሮ የተባሉት ሦስቱ መርከቦች ከ1000 በላይ ሰው ጫኑ። ለእግር ብረት የቀረበው በባሪያ ንግድ የለመዱት ዓይነት ነው። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች የሚያገናኘው ሰንሰለት ሳይሆን አጭር የብረት ዘንግ ስለሆነ እግር ማንሣት አይቻልም። ማዕበል ሲመታቸው የመርከቡ ሆድ ውስጥ የታሰሩት ውሃ ውስጥ ተኝተው ይቆያሉ። አብሮት የታሰረው ሰው ሲሞትበት ግዞተኛው ዝም ይላል፤ ሬሳው እስኪታወቅ ድረስ የሟቹን ድርሻ እየተቀበለ ይበላል። በጁን 1790 ሲድኒ ሲደርሱ ሩብ ያህሉ አልቀዋል። ኔፕቱን ብቻውን ወደ 160 ሰው ገደለ። የሰፈራው ቄስ ሪቻርድ ጆንሰን ሰርፕራይዝ ውስጥ ገብቶ ያየው እርቃናቸውን የተጋደሙ፣ መገላበጥ ያቃታቸው ሰዎች ነበር። ንጹሕ አየር ሲነካቸው ወዲያው የሞቱም አሉ።

የኔፕቱን ካፒቴን ዶናልድ ትሬልና ምክትሉ በ1792 በነፍስ ግድያ ለንደን ላይ ተከሰው በነጻ ተለቀቁ። ለእኔ ግን ዋናው ገዳይ ውሉ ነው። ትሬል ጨካኝ ነበር፤ ውሉ ጭካኔውን አትራፊ አደረገለት። ከዚያ በኋላ ከክፍያው ከፊሉ ሰዎቹ በደኅና እስኪወርዱ ይያዝ ጀመር፤ የሟቾችም ቁጥር ቀነሰ።

ቀረ ማለት ግን አይደለም። በ1814 ጄኔራል ሂዊትን ጨምሮ ሦስት መርከቦች በበሽታ ተመተው ገቡ። ሰሪ በተባለችው ላይ ተስቦው ካፒቴኑን ሳይቀር ስለገደለ ከሌላ መርከብ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ነው ወደብ ያደረሳት። የቅኝ ግዛቱ ገዢ ማኳሪ ምክንያቱን እንዲመረምር ያዘዘው ሐኪሙን ዊልያም ሬድፈርንን ነበር። ከእሱ የተሻለ መርማሪ አይገኝም፤ እሱም ግዞተኛ ሆኖ ነው በ1801 የመጣው። የባሕር ኃይል ረዳት ሐኪም ሳለ በ1797ቱ የመርከበኞች አመፅ ኅብረታቸውን እንዲያጠብቁ መክሯል ተብሎ ሞት ተፈርዶበት፣ ለወጣትነቱ ታዝኖለት ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦለት፣ ኋላም ምሕረት አግኝቷል። ሬድፈርን የጠየቀው ከባድ ነገር አልነበረም፦ አየር ይግባ፣ መኝታው ይጽዳ፣ ግዞተኞቹ ወደ ላይ ወጥተው ይናፈሱ፣ በየመርከቡም ለባለቤቱ የማይሽቆጠቆጥ ሐኪም ይመደብ። ከ1815 ጀምሮ የባሕር ኃይል ሐኪሞች አብረው መጓዝ ያዙ። ከ100 ተሳፋሪ የሚሞተውም ከ1 ወይም ከ2 እምብዛም የማያልፍበት ጊዜ መጣ።

የወረደውን ጸሐፊ ይቀበለዋል፤ ቁመቱ፣ ጠባሳው፣ የእጅ ሙያው ይመዘገባል። ባለሙያውን መንግሥት ያስቀረዋል፤ ሌላው ለገበሬ ጉልበት ይሰጣል። ጌታው ደግ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ጅራፍ አለ። ጠባዩ ያማረ ፍርዱን ሳይጨርስ በወረዳው ውስጥ ለራሱ እንዲሠራ የፈቃድ ወረቀት ያገኛል። 7 ዓመቱን የጨረሰም ነጻ ነው፤ ወደ አገሩ መሳፈሪያውን ግን ራሱ ይክፈል። ለመሄጃው የከፈለ መንግሥት ለመመለሻው አንድ ሳንቲም አልመደበም። ስለዚህ አብዛኛው እዚያው ወልዶ እዚያው ተቀበረ።

በ80 ዓመት ውስጥ 162,000 ያህል ሰው እንዲህ ተጋዘ። የመጨረሻዋ መርከብ ሁጉሞንት በጃንዋሪ 1868 ፍሪማንትል ስትደርስ ከጫነቻቸው መካከል በእንግሊዝ ላይ ያመፁ 62 አየርላንዳውያን ነበሩ። የስድስቱን መመለሻ የከፈሉላቸው አሜሪካ ያሉ ወገኖቻቸው ናቸው፤ ገንዘብ አዋጥተው ካታልፓ የተባለችውን የዓሣ ነባሪ ማደኛ መርከብ ገዙና በ1876 አስመልጠው ኒው ዮርክ አስገቧቸው።