ቆዳው ስንት፣ ስሙ ስንት?

ቮልካን ይልማዝ ቱርክ ውስጥ ከቆዳ ሥራ ጋር ያደገ፣ ዛሬ በአሜሪካ ቴክሳስ የሚኖር ባለሙያ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ታነር ሌዘርስታይን» በሚል ስም ይታወቃል። የሚሠራው ሥራ የቦርሳ ወዳጅን አንጀት የሚያላውስ ነው፤ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጡ የታዋቂ ብራንድ ቦርሳዎችን ገዝቶ በካሜራ ፊት በቢላ ይቆራርጣል። ገበሩን ይገነጥላል፣ ስፌቱን ይፈታል፣ የቆዳውን ቅብ በአሴቶን ይጠርጋል፣ ቁራጩን ለኩሶ አቃጠሉን ያያል። በመጨረሻም ቆዳው፣ ብረታ ብረቱና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ስንት እንደሚሆን ይገምታል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሸጫው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ይህን የሚያዩ ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ድሮም ብዝበዛ ነው» ሲል፣ ሌላው «የእኔ ግን ይኸው አሥር ዓመት አገለገለኝ» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። እውነቱን ከግነቱ ለመለየት ግን ቦርሳ ከምን እንደሚሠራና በምን እንደሚያረጅ ማየት ያስፈልጋል።

ከጥሬ ቆዳ እስከ ለፋ ቆዳ

የእንስሳ ቆዳ ጥንካሬውን የሚያገኘው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ኮላጅን እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይሠራል፤ ክሮቹ እየተጠቀለሉ ይወፍራሉ፣ የወፈሩትም በየአቅጣጫው እየተሳሰሩ ቆዳውን ይሞሉታል። ጨርቅ ድርና ማጉ የሚሄደው በሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው። ቆዳ ግን ወደ ጎንም ወደ ጥልቀትም የተሳሰረ በመሆኑ አንድ ቦታ ቢቆረጥ እንደ ጨርቅ እየተተረተረ አይሄድም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ ጥሬ ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው መበስበሱ፣ ሲደርቅም ድርቅ ብሎ መሰባበሩ ነው። ማልፋት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቆዳው በኖራ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ከለቀቀ በኋላ፣ ማልፊያው ንጥረ ነገር በኮላጅን ክሮች መካከል ገብቶ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። ጥንታዊው ከዛፍ ቅርፊት፣ ከቅጠልና ከፍሬ በሚገኝ ታኒን ማልፋት ሲሆን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሌላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የክሮሚየም ጨው ነው፤ ሥራውን በጣም ያፋጥነዋል፣ ዛሬም አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በእሱ ነው።

የሁለቱ ልዩነት በሙቅ ውሃ ይፈተናል። ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ይኮማተራል። በታኒን የለፋው ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። በክሮም በደንብ የለፋው የፈላ ውሃ ይቋቋማል። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስለስ ያለና ቀለም የሚቀበል ነው። በታኒን የለፋው ጠንከር ይላል፣ ቅርፁን ይጠብቃል፣ በፀሐይና በእጅ ወዝም እየጠቆረ ይሄዳል። የሉዊ ቪቶን ቦርሳዎች እጀታ አዲስ ሳለ ገርጥቶ ቆይቶ የሚጠቁረው ከእንዲህ ዓይነት የላም ቆዳ ስለሚሠራ ነው።

ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ሁለቱም መንገዶች የውድ ብራንዶች ምስጢር አለመሆናቸውን ነው። ለታላላቅ ስሞች ቆዳ የሚያቀርቡ የጣሊያን ቆዳ ፋብሪካዎች ስማቸው ላልተሰማ ትንንሽ አምራቾችም ይሸጣሉ።

ፊቱ ያልተፋቀ ቆዳ

የቆዳ ደረጃ የሚለየው በአብዛኛው በፊቱ ነው፤ ፀጉሩ የበቀለበት ወገን ማለት ነው። በዚህ በኩል ክሮቹ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ፊቱ ሳይፋቅ የቀረው ቆዳ በንግዱ ዓለም «ፉል ግሬን» ይባላል። ጠባሳ ወይም የነፍሳት ንክሻ ያለበት ደግሞ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በወፍራም ቅብ ተሸፍኖ፣ ሰው ሠራሽ ንድፍ ይታተምበታል። ወፍራም ቆዳ በመኪና ለሁለት ሲሰነጠቅ የታችኛው ክፍል ፊት የሌለው ሆኖ ይቀራል፤ እሱም ተለብጦ በቆዳ ስም ይሸጣል። ከሁሉ በታች ያለው የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራው ነው። «ጄኒዩን ሌዘር» የሚለው ማኅተም ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው ነገሩ ቆዳ መሆኑን ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካል። የሰላሌ በግና የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በስም የሚታወቁ ናቸው። የደጋው በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ክሩ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ለምርጥ ጓንት ይፈለጋል። ዋጋውን የሚጥለው እከክ ነው። ከቅማልና ከመሳሰሉት ተባዮች የሚመጣው ይህ በሽታ በጉ በሕይወት ሳለ በፀጉሩ ተሸፍኖ ላይታይ ይችላል፤ ፀጉሩ ለቆ ቆዳው ሲለፋ ግን ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ቆዳው ደረጃው ይወርዳል፣ ዕጣውም መፋቅና መቀባት ይሆናል።

ታዲያ ፉል ግሬን ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ነው? ለመቧጨርና ለዝናብ ከሆነ አይደለም። ቅብ የበዛበትና ንድፍ የታተመበት ቆዳ፣ ለምሳሌ ፕራዳ ያስተዋወቀው ሳፊያኖ፣ ጥፍርም ጠብታም ብዙ አያስጨንቀውም። በአንጻሩ ብዙ ብር የሚወጣበት ለስላሳ የበግ ግልገል ቆዳ የቀለበት ጫፍ ሲነካው ምልክት ያወጣል። ሻኔል አንዱን የቦርሳ ቅርጽ በግልገል ቆዳም፣ ፊቱ ሸካራ በሆነ የጥጃ ቆዳም ይሠራል፤ በየቀኑ ለሚያዝ የሚሻለው ሸካራው ነው። በዚህ ገበያ ውድ ማለት አንዳንዴ ስስ ማለት ነው።

በቤተ ሙከራ ቆዳ የሚመዘነው ስሙ ሳይጠየቅ ነው። ፍሌክሶሜትር የሚባለው መሣሪያ የቆዳ ቁራጭ አጥፎ ይይዝና ፊቱ እስኪሰነጠቅ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያጣጥፈዋል። ማርቲንዴል የሚባለው ደግሞ በጨርቅ እየፈተገ ቅቡ መቼ እንደሚለቅ ያሳያል።

ቆዳ ያልሆነው ውድ ቦርሳ

ጆርጅ ቪቶን እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ታዋቂው የሉዊ ቪቶን ሞኖግራም የዛሬው መልኩ በፕላስቲክ የተለበጠ የጥጥ ሸራ ነው፤ ቆዳው እጀታውና ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ይህ ማለት ግን ደካማ ነው ማለት አይደለም። በፒቪሲ የተለበጠ ሸራ ውሃ አያሳልፍም፣ ፍትጊያም ይችላል። ሲያረጅ ግን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ እየወጣ ስለሚያልቅ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

በርካሽ ቦርሳዎች የሚታየው በሽታ ሌላ ነው። ለሠርግና ለበዓል ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቦርሳ፣ ሳይያዝ ሳይነካ፣ አንድ ቀን ሲወጣ ልጣጩ እየረገፈ ይገኛል። ጨርቅ ላይ የተለበጠው ፖሊዩሪቴን ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሞለኪውሎቹ ሰንሰለት እየተቆረጠ ስለሚሄድ ነው። ይህ ሂደት አጠቃቀም አይጠብቅም፤ የታሸገበት ቁም ሳጥን ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ይብስበታል። ውድ የሚባሉ የድሮ ቦርሳዎችም የውስጥ ገበራቸው ሰው ሠራሽ ሲሆን ከዘመን በኋላ እጅ ላይ ሲጣበቅ ይታያል። ኬሚስትሪ የዋጋ መለያ አይቶ አያልፍም።

ስፌት፣ ጠርዝ፣ ብረት

ቦርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከቆዳው አይደለም። ቀድመው የሚለቁት ማንገቻው የተያያዘበት ቦታ፣ ዚፑና ጠርዙ ናቸው።

ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራ የጀመረው የፈረስ ዕቃ በመሥራት ሲሆን የኮርቻ ስፌትን እስከ ዛሬ ይዞታል። ባለሙያው ሰም የተቀባ አንድ ክር ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ አስገብቶ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱን ከወዲህ ሌላውን ከወዲያ ያሳልፋል። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ቀሪው ስፌቱን ይዞ ይቆያል። በስፌት መኪና ሲሠራ ግን የላይኛውና የታችኛው ክር ቆዳው መካከል ይቆላለፋሉ፤ አንዱ ከተበጠሰ መፈታት ሊጀምር ይችላል። የእጅ ስፌት ብልጫው እውነተኛ ነው። ሆኖም አብዛኛው ውድ ቦርሳ የሚሰፋው በመኪና ነው፣ ጠንካራ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ከሆነም ለብዙ ዓመት በቂ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ሁሉ ጠንካራ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ቀዳዳ ሲበዛ ቆዳው በዚያው መስመር ለመቀደድ ይመቻል።

ጠርዝ ትዕግሥት የሚታይበት ቦታ ነው። ጥሩ ሠሪ ቀለሙን በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክላል፣ ደግሞ ይቀባል። ችኩሉ በአንድ ጊዜ ወፍራም ቅብ ይጨርሳል፤ ያ ቅብ እጀታው በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል። ብረቱም እንዲሁ ነው። ነሐስ ከበድ ያለና ጠንካራ ሲሆን፣ በቅርጽ ማውጫ የሚፈስሰው የዚንክ ቅይጥ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በላዩ የተለበጠው ወርቃማ ሽፋን ሲያልቅ ግራጫው ይወጣል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ2024 የሚላን ፍርድ ቤት የዲዮር ቦርሳ የሚያመርተውን የጣሊያን ንዑስ ኩባንያ በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሥር አደረገው። ምክንያቱ በሥራ ተቋራጮቹ ላይ በቂ ቁጥጥር ባለማድረጉ ሠራተኞች ተበዝብዘዋል የሚል ነበር። በሰነዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ዓለምን አነጋገረ፦ ሱቅ ውስጥ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ ቦርሳ ለመገጣጠሚያ የተከፈለው 53 ዩሮ ነበር። ቆዳው፣ ዲዛይኑና ማከፋፈያው በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። የአስተዳዳሪው ቁጥጥርም በ2025 መጀመሪያ ተነሥቷል። ቁጥሩ ግን የእጅ ሥራው ከዋጋው ውስጥ ምን ያህል ትንሽ ቦታ ሊኖረው እንደሚችል አሳይቷል።

የዲዮርና የሉዊ ቪቶን ባለቤት የሆነው ኤልቪኤምኤች በ2023 ሪፖርቱ 86.2 ቢሊዮን ዩሮ ሽያጭ አስመዝግቧል። ሽቶውንና መጠጡን ጨምሮ በአጠቃላይ ሲሰላ፣ ከየ100 ዩሮ ሽያጭ ዕቃውን ለማቅረብ የወጣው 31 ያህል ነው። ለሱቆች፣ ለማስታወቂያና ለሽያጭ ሥራ የወጣው ደግሞ 36 ገደማ ነው። ደንበኛው ከዕቃው ይልቅ ለሚሸጥበት መንገድ ይበልጥ ከፍሏል ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቱ ቶርስቲን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠባይ ተንትኖት ነበር፤ አንዳንድ ዕቃ የሚፈለገው ውድ ስለሆነ ነው፣ ርካሽ ቢሆን ፈላጊ ያጣል። ለዚህ ከኤርሜስ በርኪን የተሻለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለተዋናይቷና ዘፋኟ ጄን በርኪን የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳ ሐምሌ 2025 ፓሪስ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ቦርሳው የተቧጨረ፣ የተለጠፈበት ስቲከር ምልክት ያልለቀቀው ነበር። የተሸጠው ታሪኩ ነው።

ስለዚህ ያዋጣል?

መልሱ የሚወሰነው በየትኛው የዋጋ ከፍታ ላይ እንደቆሙ ነው። ከፕላስቲክ ልባጥ ወደ ፉል ግሬን፣ ከዚንክ ወደ ነሐስ፣ ከደካማ ዚፕ ወደ ጠንካራ ዚፕ ሲኬድ የሚጨመረው ገንዘብ በእርግጥ ዕድሜ ይገዛል። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ የሚጨመረው ገንዘብ ግን የሚገዛው ዲዛይን፣ ስም፣ መልሶ ሲሸጥ የሚያወጣ ዋጋና፣ ጥሩ ከሆነ፣ የጥገና አገልግሎት ነው። እነዚህም ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ጥንካሬ ብሎ መጥራት ግን ስህተት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በደንብ የተሠራ የ300 ዶላር ቦርሳ አሥር ዓመት ቢያገለግል በዓመት 30 ዶላር ይደርሳል። የ3 ሺህ ዶላሩ በጥንካሬ ብቻ ዋጋውን ላረጋግጥ ካለ መቶ ዓመት መያዝ አለበት። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ፣ ሱቁ ፓሪስም ይሁን አዲስ አበባ፣ ማኅተሙን ከማየትዎ በፊት ማንገቻውን ሳብ ያድርጉ፣ ዚፑን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ጠርዙን አጥፈው ይዩ፣ ቆዳው በምን እንደለፋና ፊቱ ተፍቆ እንደሆነ ይጠይቁ። ሻጩ ስለ ቆዳው ተጠይቆ ስለ ስሙ የሚመልስ ከሆነ፣ የሚሸጥልዎትም ስሙን ነው።