አድማስን በአንድ ፎቶግራፍ፦ የፓኖራማ አነሳስ እና ለምድር የሚሰጠው ምስክርነት

ከተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ዐይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር ሸለቆውን፣ ማሳውን፣ መንደሩን እና ከበስተኋላ የተደረደሩትን ተራሮች አከታትሎ ይመለከታል። ያንን ትዕይንት በእጅ ስልኩ ሊያስቀር ሲሞክር ግን የሚያገኘው ከሰፊው አድማስ የተቆረሰ አንዲት ቁራጭ ብቻ ነው። ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ዋናው ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ስፋት በአብዛኛው 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ከሙሉው ዙሪያ ሰባት እጅ አንዱን ቢያክል ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተፈጠረው ዘዴ ፓኖራማ ይባላል። አንድን አካባቢ በተከታታይ ፎቶግራፎች ማንሳት፣ ከዚያም ቁርጥራጮቹን እንደ ጨርቅ ሰፍቶ አንድ ማድረግ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ በርካታ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይዝናኑበታል። ስልክ እና ትዕግሥት ላለው ሰው ተጨማሪ ወጪ እምብዛም አይጠይቅም።

የፓኖራማ ጥቅም ግን ከውበት ይሻገራል። በጥንቃቄ የተነሣ ፓኖራማ የአንድን ተፋሰስ የዛሬ መልክ ለነገ የሚያስቀምጥ ምስክር ነው። ቦረቦሩ ሰፋ ወይስ ዳነ? ከንክኪ ነጻ የተደረገው ተራራ ለበሰ ወይስ እንደተራቆተ ቀረ? የሚሉትን ጥያቄዎች ከትዝታ ክርክር አውጥቶ ዐይን ሊፈርደው በሚችል ማስረጃ ላይ ያቆማቸዋል። ለዚህ የሚበቃው ግን በሥርዓት የተነሣው እና በሥርዓት የተቀመጠው ብቻ ነው።

ከሸራ ወደ ካሜራ

"ፓኖራማ" የሚለው ስያሜ ከግሪክኛ ቃላት የተገኘ ሲኾን "ሁሉን ማየት" የሚል ትርጉም አለው። ነገሩ የተጀመረው በካሜራ ሳይኾን በብሩሽ ነበር። አየርላንዳዊው ሠዓሊ ሮበርት ባርከር ከካልተን ኮረብታ ላይ ኾኖ የኤዲንብራን ከተማ ዙሪያ ገባዋን ሣለ፤ ለዘዴውም እ.አ.አ በ1787 የባለቤትነት መብት አገኘ። ተመልካቹ በክብ ከተዘረጋው ሥዕል መካከል ቆሞ በተራራው ጫፍ ላይ ያለ ያህል ዙሪያውን ይመለከት ነበር።

ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ ተራው የካሜራ ኾነ። እ.አ.አ በ1848 ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች የሲንሲናቲ ከተማን የወንዝ ዳርቻ በስምንት ተከታታይ ሰሌዳዎች አነሱት። እ.አ.አ በ1878 ደግሞ ኤድዋርድ ማይብሪጅ ሳን ፍራንሲስኮን ከአንድ ከፍታ ቦታ ዙሪያዋን በ13 ፎቶግራፎች አስቀራት። ከ28 ዓመታት በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ እና እሳት የከተማዋን ትልቅ ክፍል አወደመ። የማይብሪጅ ፎቶግራፎችም የጠፋችውን ከተማ የሚያሳዩ ምስክሮች ኾነው ቀሩ።

እ.አ.አ በ1930ዎቹ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ዘዴውን ለሥራ አዋለው። ከእሳት መጠበቂያ ማማዎች ላይ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ካሜራ እያንዳንዳቸው 120 ዲግሪ የሚሸፍኑ ሦስት ፎቶግራፎች ይነሱ ነበር። ሦስቱ ሲገጠሙ ሙሉ ዙሪያውን ይሸፍናሉ። ዓላማው ጭስ የታየበትን ቦታ ፈጥኖ ለመለየት ነበር። ዛሬ ግን ባለሙያዎች ከዚያው ቦታ ላይ ቆመው በድጋሚ በማንሳት ደኑ እንዴት እንደተለወጠ ያነጻጽሩባቸዋል።

ከአንድ ቦታ ደግሞ የማንሳት ጥበብ በኢትዮጵያም ታላቅ ፍሬ አስገኝቷል። እ.አ.አ በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ቤልጂየማዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰን እና ባልደረቦቹ ከዚያ ዘመን ፎቶግራፎች መካከል የተወሰኑት የተነሱባቸውን ቦታዎች ፈልገው በማግኘት ከ140 ዓመታት በኋላ ደግመው አነሷቸው። እ.አ.አ በ2009 የታተመው ጥናታቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በታዩት አካባቢዎች የእጽዋት ሽፋኑ ከድሮው ተሻሽሎ መገኘቱን አመለከተ። ለዚህም የአፈር እና ውኃ ጥበቃ ሥራው ድርሻ እንዳለው ገለጸ። ፎቶግራፎቹ የፓኖራማ ስፌት አልነበሩም። ይኹን እንጂ ከአንድ ቦታ በሥርዓት የተነሣ ምስል ምን ያህል እንደሚናገር አሳይተዋል።

ከማንሳት በፊት የሚታሰቡ ጉዳዮች

አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች "ፓኖራማ" የሚል የራሳቸው ምርጫ አላቸው። አንሺው ስልኩን ቀስ እያለ ሲያዞር ስልኩ ቀጫጭን ቁራጮችን እያከታተለ እዚያው ይገጥማቸዋል። ለፈጣን መታሰቢያ ይህ ይበቃል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን አድማሱ ይሰበራል፤ ቁራጮቹም ለየብቻ ስለማይቀመጡ ስሕተቱን ኋላ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ለቁም ነገር የሚፈለግ ፓኖራማ ነጠላ ፎቶግራፎችን አንስቶ በኋላ በመስፋት ቢሠራ ይመረጣል።

ነጠላዎቹ ሲነሱ ስልኩ ቀጥ ብሎ ቢቆም ሰማዩም መሬቱም በበቂ ይገባሉ። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከቀደመው ጋር ሢሦ ያህል መደራረብ አለበት። በዚህ ስሌት ግማሽ ዙሪያን ለመሸፈን አምስት፣ ሙሉ ዙሪያን ለመሸፈን ደግሞ 11 ፎቶግራፎች ያስፈልጋሉ። መደራረቡ ካነሰ መስፊያው ሶፍትዌር የሚገጥምበትን ምልክት ያጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ስልክ ፀሐይ ወዳለችበት ሲዞር ምስሉን ያጨልማል፤ ወደ ጥላ ሲዞር ደግሞ ያፈካል። በዚህ መንገድ የተነሱ ቁራጮች ሲሰፉ ሰማዩ እንደ ተጣፈ ልብስ ይዥጎረጎራል። መፍትሔው መካከለኛ ብርሃን ባለበት አቅጣጫ ላይ ስክሪኑን በጣት ጫን አድርጎ በማቆየት ብርሃኑን እና ጥራቱን መቆለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ተከታታዩ እስኪያልቅ መቀየር አይገባም። ነገሮችን አርቆ እና አስፍቶ የሚያሳየው ሁለተኛው ሌንስ ጠርዙን ስለሚለጥጥ ዋናውን ሌንስ መጠቀም ይሻላል።

አጥሩ ለምን ይሰበራል?

ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የሩቁ ተራራ በትክክል ተገጥሞ የቅርቡ አጥር መሰበሩ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ጣት ከፊት አቁሞ በቀኝ እና በግራ ዐይን እያፈራረቁ መመልከት ይበቃል። ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያ እና ወዲህ ይዘላል። የተንቀሳቀሰው ጣቱ አይደለም፤ የተለወጠው የመመልከቻው ቦታ ነው።

ስልኩን በተዘረጋ እጅ ይዞ በወገቡ የሚዞር ሰው ሌንሱን ባለበት አያዞረውም፤ በራሱ ዙሪያ ያስኬደዋል እንጂ። ሌንሱ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አጥር 14 ዲግሪ ያህል ቦታውን ይለቃል። በ500 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቤት ግን የሚለቀው ከአንድ ዲግሪ ዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቅርቡ ሲሰበር የሩቁ የሚገጥመው በዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ስልኩን እንደ ምሰሶ በአንድ ቦታ ላይ አቁሞ አንሺው በስልኩ ዙሪያ መዞር ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ይጠቀምበታል። የሌለው ደግሞ ከግንበኞች ቱንቢ መማር ይችላል። ከስልኩ ላይ፣ በሌንሱ ትይዩ፣ ክር አስሮ በጫፉ ትንሽ ድንጋይ ያንጠለጥላል። ድንጋዩ መሬት ላይ ካለ አንድ ምልክት ሳይርቅ ከዞረ ሌንሱም ቦታውን አለቀቀም ማለት ነው። ከአጥር እና ከቅርብ ቅርንጫፍ ራቅ ብሎ መቆምም ችግሩን ያቀልላል።

ኮምፒውተሩ እንዴት ይሰፋል?

የጋቢ ሁለት ወርዶች ሲጋጠሙ ጥለቱ ከጥለቱ እኩል ካልመጣ ስፌቱ ከሩቅ ያስታውቃል። መስፊያው ሶፍትዌርም የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው። በመጀመሪያ በየፎቶግራፉ ውስጥ ጎልተው የሚታዩ ነጥቦችን ይለያል፤ የቤት ጣሪያ ማዕዘን፣ የቋጥኝ ጠርዝ ወይም የዛፍ ግንድ ሊኾኑ ይችላሉ። ቀጥሎ እነዚያኑ ነጥቦች በጎረቤቱ ፎቶግራፍ ውስጥ ፈልጎ ያጣምራቸዋል። ከጥንዶቹ አቀማመጥ በመነሳት ካሜራው በየጊዜው ወደየት እንደዞረ ያሰላል። በመጨረሻም ምስሎቹን በጋራ ቅርጽ ላይ አጥፎ ያጋጥማል፤ የመጋጠሚያውንም ብርሃን ያመሳስላል።

ይህን ሥራ ያለሰው እገዛ የሚያከናውነውን አውቶስቲች የተባለ ዘዴ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኾኑት ማቲው ብራውን እና ዴቪድ ሎው እ.አ.አ በ2003 አቅርበውታል። ዛሬ ለትርፍ ጊዜ አንሺዎች ሁጊን የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለኢንተርኔት ይሠራል። ሥራውም በሦስት ደረጃ ይጠናቀቃል፦ ፎቶግራፎቹን ማስገባት፣ ማገጣጠም እና ፓኖራማውን ማውጣት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ፎቶግራፎቹ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ሲላኩ እንደ ተራ ፎቶ ከተላኩ ይጨመቃሉ፤ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው የሌንስ መረጃም ይጠፋል። በ"ፋይል" መልክ መላክ ወይም በገመድ መገልበጥ ይበጃል። እንዲሁም ንጹሕ ሰማይ፣ የረጋ ውኃ እና ወጥ የኾነ እርሻ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ስለሌላቸው በየፎቶግራፉ ውስጥ የተራራ ጫፍ ወይም ዛፍ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል።

ምስክሩ እንዳይዋሽ

የተሰፋ ምስል ሊያታልል ይችላል። በፎቶግራፎቹ መካከል የሚራመድ ሰው በአንድ ፓኖራማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊታይ፣ የሚግጥ በሬም ግማሽ አካሉ ሊጠፋ ይችላል። ሰፊ ዙሪያ ወደ ጠፍጣፋ ወረቀት ሲዘረጋ ቀጥ ያለው እርከን ወይም መንገድ የጎበጠ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከፓኖራማ ላይ ርቀትን ወይም የመሬት ስፋትን ለክቶ መከራከር ተገቢ አይደለም። የሚበጀው ከተሰፋው ምስል ጋር ነጠላዎቹን ፎቶግራፎች ሳይነኩ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ጥያቄ ሲነሳ የሚመረመሩት እነርሱ ናቸው።

ሰዎች በቅርብ የሚታዩበት ምስል ከኾነ ፈቃዳቸውን መጠየቅ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት የተከለከለባቸውን ቦታዎችም ማክበር ግድ ይላል።

ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር

ፓኖራማ ምስክር የሚኾነው ሲደገም ነው። ለማነጻጸር በዓመት ሁለት ጊዜ ማንሳት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። አንደኛው ክረምቱ አልፎ አየሩ በሚጠራበት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ነው። ሁለተኛው ምድሩ ተራቁቶ ቦረቦሩ እና እርከኑ ጎልቶ በሚታይበት፣ ክረምቱ ሳይገባ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው። የጥቅምት አረንጓዴ ከግንቦት ደረቅ መሬት ጋር ቢነጻጸር ግን የወቅቱን ልዩነት እንጂ የመሬቱን ለውጥ አያሳይም። ጥቅምት ከጥቅምት፣ ግንቦት ከግንቦት መታየት አለበት። የጥላው አቅጣጫም እንዳይለወጥ ሰዓቱን አንድ ማድረግ ይገባል፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ።

የቆሙበትን ቦታ በትክክል ለማግኘት በማይነቃነቅ ቋጥኝ ላይ የቀለም ምልክት ማኖር አንድ ዘዴ ነው። ምልክቱ ቢጠፋ እንኳ የቀድሞው ፎቶግራፍ ራሱ መንገድ ይመራል። በፎቶግራፉ ላይ የቅርቡ ዛፍ ከሩቁ ተራራ የትኛው ጎድጓዳ ጋር እንደተስተካከለ ይታያል። አንሺው ሁለቱ ዳግም እስኪስተካከሉ ድረስ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይራመዳል። ሌላ ጥንድ በሌላ አቅጣጫ አይቶ ሲያመሳክር ቦታውን ያገኘዋል። በስፌቱ ጊዜ አጥሩን የሰበረው የአቋቋም ለውጥ እዚህ ላይ መንገድ መሪ ይኾናል።

ከፎቶግራፉ ጋር የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እና የካሜራው አቅጣጫ መጻፍ አለበት። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራልም። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅጂ ማኖር ያስፈልጋል። ኅትመትም አንዱ መጠበቂያ ነው። በ12 ሜጋ ፒክስል ስልክ የተነሱ አምስት ፎቶግራፎች በሢሦ ተደራርበው ሲሰፉ፣ በጥሩ የኅትመት ጥራት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት እና ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ምስል ይወጣቸዋል። ይህ በትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም ማሳውን እና ተራራውን ለይቶ ሊያየው የሚችል መጠን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ምስል ከሥሩ ሲሰቀል ተፋሰሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኘው እና ያጣው ለሁሉም ይታያል።